ጆንያው ጎድሏል ወይስ አልጎደለም?

(በደሴ ከተማ በአንድ የንባብ ክበብ ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው የተገለበጠ በመሆኑ ድግግሞሹን እንዳለ ትቼዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ? አሰላሙ አለይኩም! አባቶቼና እናቶቼ፣ እናንተም ከፊት የተቀመጣችሁ ወጣቶች፣ የጦሳ ጉም ከተማዋን በሸፈነበት በዚህ ብርድ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ኋላ የቆማችሁ፣ ድምፄ ይሰማል? ጥሩ።

ዛሬ እንድናገር ያደረገኝ ባለፈው ወር እዚሁ ክፍል የሆነ ነገር ነው። ታስታውሳላችሁ። አንድ ልጅ ተነስቶ የአሜሪካን መንግሥት የስለላ ምስጢር ስላወጣው ስለ ኤድዋርድ ስኖውደን መናገር ጀመረ። ገና ሳይጨርስ ሌላው ብድግ አለና «ተወን እባክህ! ሞስኮ ተቀምጦ ስለ ነፃነት የሚያወራ ሰው!» አለ። ተሳቀ። ተጨበጨበ። ክርክሩም እዚያው ላይ አለቀ።

እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያቺን አነጋገር አውቃታለሁ። ከ40 ዓመት በፊት እኔም ብያታለሁ። ስለ ስኖውደን አይደለም። ጆንያው ጎድሏል ስላለ አንድ የእህል ሚዛን ሠራተኛ ነው። የሱን ታሪክ እነግራችኋለሁ። ለመናገር ይከብደኛል፤ ግን እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ሦስት ጥያቄ ላስቀምጥ። እነዚህን ሦስቱን እያምታታን ነው የምንጣላው።

አንደኛ፦ ሰውየው ያለው ነገር እውነት ነው ወይ? ሁለተኛ፦ ለምን አለው? ሦስተኛ፦ አሁን የት ነው ያለው፣ የማንን እንጀራ ነው የሚበላው?

ሦስቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። እደግመዋለሁ፤ የተለያዩ ናቸው! እኛ ግን ሦስተኛውን እንመልስና የመጀመሪያውን የመለስን ይመስለናል። «ሞስኮ ነው ያለው» እንላለን። እሺ፣ ሞስኮ ነው ያለው። ታዲያ የተናገረው ውሸት ነበር?

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። የውጭውን ነገር ስናገር ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የአገራችንን ስናገር በኛ ነው። ስኖውደን እ.ኤ.አ. በ2013 የ29 ዓመት ወጣት ነበር። ሃዋይ ውስጥ የአንድ ኩባንያ ተቀጣሪ ሆኖ ለአሜሪካ ብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ ይሠራ ነበር። ጥሩ ደመወዝ አለው፤ የተመቸ ኑሮ አለው። በሜይ ወር ወደ ሆንግ ኮንግ ሄደ፤ እዚያ ሆቴል ውስጥ ጋዜጠኞች አግኝቶ የያዘውን ሰነድ ሰጣቸው። ጁን 5 የመጀመሪያው ዜና ወጣ። የአሜሪካ መንግሥት ከአንድ ትልቅ የስልክ ኩባንያ የሚሊዮኖችን የስልክ መዝገብ በየቀኑ ይወስድ ነበር። ማን ለማን ደወለ፣ በስንት ሰዓት ደወለ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ። ከአራት ቀን በኋላ ስኖውደን ራሱ በካሜራ ፊት ቀርቦ «እኔ ነኝ» አለ።

ይህ ከመሆኑ ሦስት ወር ቀደም ብሎ የአሜሪካ የስለላ ድርጅቶች የበላይ ኃላፊ ጄምስ ክላፐር በሴኔቱ ፊት ተጠይቀው ነበር። ኤጀንሲው በሚሊዮን በሚቆጠሩ አሜሪካውያን ላይ መረጃ ይሰበስባል ወይ ተባሉ። «አይ» አሉ። ዜናው ከወጣ በኋላ መልሳቸው ስህተት እንደነበር በደብዳቤ አመኑ። በ2015 የአሜሪካ ምክር ቤት ያን የጅምላ መረጃ መሰብሰብ የሚያስቆም ሕግ አወጣ። በ2020 ደግሞ አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት አሠራሩ ሕግን የጣሰ ነበር ብሎ ወሰነ። ይህን የወሰነው ሳን ዲዬጎ ይኖሩ በነበሩ አራት የሶማሊያ ተወላጆች ጉዳይ ላይ ነው። የአራቱን ጥፋተኝነት ግን አልሻረም።

እና የመጀመሪያው ጥያቄ ተመልሷል። ጆንያው ጎድሎ ነበር። ይህን ፍርድ ቤትም ብሏል፣ ምክር ቤትም ብሏል።

«ይህ ለደሴ ሰው ምኑ ነው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከዚያው ሰነድ ውስጥ አንድ ዜና ወጣ። ያ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የስለላ ማዳመጫ ጣቢያ ነበረው። በኮድ ስሙ «የአንበሳ ኩራት» እንደማለት ነው። በ12 ኢትዮጵያውያን ተጀምሮ በ2005 103 ደርሶ ነበር። እነሱ መሣሪያና ሥልጠና ያመጣሉ፤ የኛ ሰዎች ቋንቋና ጆሮ ያዋጣሉ። ይህን ከማን ሰማን? ከመንግሥታችን ነው? አይደለም። ሞስኮ ተቀምጦ ስለ ነፃነት ያወራል ካላችሁት ሰው ሰነድ ነው የሰማነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃል ትንሽ ልበል፤ ከርዕሱ የወጣሁ ቢመስልም። እንዲህ ያለውን ሰው በአማርኛ ምን እንለዋለን? «ጠቋሚ» እንላለን። አዋጅ ቁጥር 699/2003 ራሱ «የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች» ነው የሚለው። አንዳንዶች «አጋላጭ» ይላሉ። እስቲ የዚያ ዘመን ሰዎች፣ አባቶቼ፣ እነዚህን ሁለት ቃላት ስትሰሙ ምን ይመጣባችኋል? እኔ በ1970 የቀበሌ አዳራሽ ነው የሚመጣብኝ። «አጋልጥ! ተጋለጥ!» የሚባልበት አዳራሽ። ጎረቤት ጎረቤቱን ያጋለጠበት፣ ወንድም ስለ ወንድሙ እንዲናገር የተገደደበት። በኛ አገር «ጠቋሚ» ሲባል ጆሮ ጠቢ ነው። ከጣቱ በኋላ ጥይት ይከተላል።

ስለዚህ ለዚህ ዓይነት ሰው ንጹሕ ቃል የለንም። ቃሉ ቆሽሾብናል። ለዚያ ይመስለኛል ገና ስንሰማ ልባችን የሚሸሸው። ግን የጣቱን አቅጣጫ እዩ፣ ልጆቼ። የቀበሌው ጠቋሚ ደካማውን ለጉልበተኛው ነው ያሳየው። ይሄኛው ጉልበተኛው የሠራውን ለሕዝብ ነው ያሳየው። ሁለቱም ጣት ነው፤ የተቀሰረው ግን ወደየት ነው?

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። ወሎ ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ ማወቅ አለበት። የኛ ሞት ተደብቆ ነበርና።

በ1965 ሕዝባችን አልቆ፣ የተረፈው ወደ መኪናው መንገድ እየወረደ በየዳሩ ሲወድቅ፣ አዲስ አበባ እንዳላየ ሆና ነበር። በሚያዝያ የዩኒቨርሲቲ መምህራን መጡ። አዩ። ፎቶ አነሱ። ፎቶውን ስድስት ኪሎ ወስደው ለተማሪው አሳዩ። ተማሪው ተነሳ። በጥቅምት 1966 ደግሞ ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል የእንግሊዝ ጋዜጠኛ የሠራው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ፤ ዓለምም የዚያን ጊዜ ሰማ።

እነዚያ ተማሪዎች ዓላማ አልነበራቸውም? ነበራቸው! ከረሃቡ በፊትም ንጉሡን ሲቃወሙ ኖረዋል። ረሃቡ ለሰልፋቸው ጉልበት ሆነላቸው። አንድ የቤተ መንግሥት ሰው ያኔ «እነዚህ ልጆች ለወሎ አዝነው አይደለም፣ ሥልጣን ፈልገው ነው» ቢል ግማሹ እውነት ይሆን ነበር። ግን ሰዉ ሞቷል። የተማሪው ልብ ምንም ይሁን ምን፣ መንገድ ዳር የወደቀው ሰው ወድቋል።

ይባስ ብሎ ያ ፊልም ምን ላይ ዋለ? መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ደርግ ፊልሙን በቴሌቪዥን አሳየ። በመሀል በመሀሉ ጃንሆይ ውሻቸውን ሲመግቡ፣ ድግስ ሲበላ የሚያሳይ ምስል ገባበት። በማግስቱ ጃንሆይ በቮልስዋገን ተወሰዱ። ደርግ ያን ፊልም ያሳየው ለወሎ እናት አዝኖ ነው? አይደለም። በምን አወቅን? አሥር ዓመት ሲሞላው አወቅን። በመስከረም 1977 የአብዮቱ በዓል በከፍተኛ ወጪ ሲከበር፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው ቆረም በረሃብተኛ ተሞልታ ነበር። ያን ጊዜ ደባቂው እሱ ራሱ ሆነ።

ስሙኝ፤ ይህን በደንብ ስሙኝ። እውነቱን ጉልበተኛ ሊጠቀምበት ይችላል። ክፉ ሰው በእጁ ሊይዘው ይችላል። ያኔም እውነት ነው። የደርግ እጅ ስለነካው የ1965 ረሃብ ውሸት አልሆነም። የሩሲያ እጅ ስለነካውም የስልኩ መዝገብ ውሸት አይሆንም።

«እሺ፣ እውነት ይሁን፤ ግን ልቡ?» ትላላችሁ። ሁለተኛው ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ ልቆይ።

እኔ ያደግሁት እንደ ብዙዎቻችሁ ነው። አባቴ ሙስሊም፣ እናቴ ክርስቲያን። አባቴ «ሥራ ሁሉ በኒያው ነው» ይላል፤ ኒያ የልብ ሐሳብ ማለት ነው። እናቴ «ልብና ኩላሊት የሚመረምር እሱ ብቻ ነው» ትላለች። ልጅ ሆኜ ሁለቱ የተለያየ ነገር የሚናገሩ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤታችን የነበሩ ሽማግሌ ሸህ፣ ወዳጃ በሚባለው የዱዓ ስብሰባ ላይ ቡና እየተጠጣ ሁለት ሰዎች በሦስተኛ ሰው ልብ ላይ ሲከራከሩ ሰሟቸው። «ኒያው በአላህና በሱ መካከል ነው» አሉ። «እናንተ ዘንድ የደረሰው ሥራው ነው። የደረሳችሁን መርምሩ።» ይህን ከሰማሁ 50 ዓመት አልፎኛል።

እኔ ግን ስለ ልብ ፈጽሞ አንጠይቅ አልልም። ሰው ነን፤ እንጠይቃለን። ስንጠይቅ ግን ከመኖሪያ አድራሻው አንጀምር። መጠጊያ ከማግኘቱ በፊት ምን አደረገ ከሚለው እንጀምር። ስኖውደን ሰነዱን ለማን ሰጠ? ለመንግሥት አልሸጠም፤ ለጋዜጠኞች ሰጠ፤ የቱ እንደሚወጣና የቱ እንደሚቀር እነሱ እንዲወስኑ ተወ። ወደ ሞስኮ ሲሄድ አንድም ሰነድ እንዳልያዘ ይናገራል። ስሙን ደብቆ መኖር ይችል ነበር፤ አልደበቀም። ምን አተረፈ? ደመወዙንና ቤቱን አጣ፤ አገሩንም አጣ። ሰው ለጥቅም ብሎ እንዲህ ዓይነት ንግድ ውስጥ ይገባል?

ሌላውንም ወገን ልናገር፤ ፍርድ ያለሱ አይሆንም። በ2016 የአሜሪካ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የስለላ ኮሚቴ ባወጣው ሪፖርት ሰውየው ለሕዝብ የቆመ አጋላጭ አይደለም ብሏል። ከወሰደው ሰነድ አብዛኛው ከዜጎች ምስጢር ጋር ግንኙነት የሌለው፣ አገር የሚጠብቅ ምስጢር ነው ብሏል። ይህ ከባድ ክስ ነው፤ በሳቅ የሚታለፍ አይደለም። ስለ ሥራው እንከራከር ከተባለ ክርክሩ እዚህ ላይ ነው መሆን ያለበት። ምን ያህል ወሰደ? ለምን ያን ያህል? ማንን ጎዳ? እነዚህ መልስ የሚፈልጉ ጥያቄዎች ናቸው። «ሞስኮ ነው ያለው» ግን ክርክር አይደለም።

«አገሩ ገብቶ ለምን ፍርድ ቤት ልቡን አይናገርም?» የሚልም አለ። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ከዚያ ስለ ዳንኤል ኤልስበርግ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ቬትናም ጦርነት የተጻፈውን የፔንታጎን ምስጢር ለጋዜጣ የሰጠ ሰው ነው። አልሸሸም። ፍርድ ቤት ቀረበ። የራሱ ጠበቃ «ለምን አደረግኸው?» ብሎ ጠየቀው። ዐቃቤ ሕጉ ተቃወመ፤ ጥያቄው ከጉዳዩ ጋር አይያያዝም አለ። ዳኛው ተቃውሞውን ተቀበሉት። አያችሁ? በዚያ ሕግ ፊት «ለምን» የሚባል ጥያቄ የለም። ስኖውደን የተከሰሰውም በዚያው በ1917 በወጣው የስለላ ሕግ ነው። ኤልስበርግ ነፃ የወጣው መንግሥት ራሱ በፈጸመበት ሕገ ወጥ ሥራ ምክንያት ክሱ ስለተሰረዘ ነው። በ2013 ደግሞ ስኖውደን መሸሹ ልክ ነው ብሎ ጻፈ። እኔ የቀረሁባት አሜሪካ ሌላ ነበረች አለ።

እንግዲህ ሕዝቡ ቀን ከሌት የሰውየውን ልብ ይመረምራል። ልቡን ሊሰማ የሚገባው ችሎት ግን ጥያቄውን አይቀበለውም። ይህ አያሳዝንም?

አሁን ወደ ሞስኮ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሰውየው ሞስኮን መርጦ አይደለም የሄደው። ክሱ ይፋ የሆነው ጁን 21 ነው፤ 30 ዓመት የሞላበት ቀን ነበር። ፓስፖርቱ ተሰረዘ። ጁን 23 ከሆንግ ኮንግ ሞስኮ ደረሰ፤ በሃቫና አድርጎ ደቡብ አሜሪካ ሊገባ ነበር። በማግስቱ ሃቫና የሚሄደው አውሮፕላን በጋዜጠኞች ተሞላ፤ የሱ ወንበር፣ 17ኤ፣ ባዶውን በረረ። ሽሬሜትዬቮ አየር ማረፊያ ውስጥ ከአንድ ወር በላይ ቆየ። ከ20 ለሚበልጡ አገሮች የጥገኝነት ጥያቄ ላከ። የቦሊቪያው ፕሬዚዳንት ኤቮ ሞራሌስ ከሞስኮ ሲመለሱ እሱን ደብቀው ይሆናል ተብሎ ተጠረጠሩ። አንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ሰማያቸውን ዘጉባቸው፤ አውሮፕላናቸው ቪየና ላይ ለማረፍ ተገደደ። የአንድ አገር መሪ አውሮፕላን! በዚያው ሰሞን ፑቲን፣ መቆየት ከፈለገ አሜሪካን የሚጎዳ ሥራውን ያቁም ብለው ነበር። የክሬምሊን ቃል አቀባይ እንደተናገሩት፣ ይህን ሲሰማ ለሩሲያ ያቀረበውን ጥያቄ ሰረዘ። ሌላ በር ሲያጣ ነው ተመልሶ የጠየቀው። ኦገስት 1 ለአንድ ዓመት ተፈቀደለት። በ2020 ቋሚ መኖሪያ አገኘ፣ በ2022 ዜግነት።

ስለተዘጉት በሮች ሳይሆን ስለተከፈተው አንድ በር ነው የምናወራው። ለምን? እዚህ ላይ ነው የሚዛን ሠራተኛው የሚመጣው።

በ1977 ነው። እኔ የ22 ዓመት ልጅ ነኝ። ከደሴ ብዙም በማይርቅ አንድ ከተማ የእርዳታ እህል መጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ። ሲገባ ሞዴል 19 እቆርጣለሁ፣ ሲወጣ ሞዴል 22 እቆርጣለሁ። እሱ ሚዛን ላይ ነው። ከኔ ጥቂት ዓመት ይበልጣል። ዝምተኛ ነው፤ ትንሽ ቁጡም ነው።

ወረቀቱ ላይ ጆንያው 50 ኪሎ ይላል። ሚዛኑ ላይ 43 ይመጣል፤ 44 ይመጣል። ጆንያው ሌሊት ይፈታል፣ ይቀነስለታል፣ እንደገና ይሰፋል። ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሁላችንም! እኔ 50 ብዬ እጽፍ ነበር። እሱ ግን በራሱ ትንሽ ደብተር እውነተኛውን ቁጥር በየቀኑ ይጽፍ ነበር። ውጭ ደጅ ላይ እናቶች ልጅ ታቅፈው ካርድ ይዘው ተሰልፈዋል።

አንድ ቀን ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች መጡ፤ ስብሰባ ተደረገ። እሱ ተነሳና ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ምንም አልጨመረም። «ይሄ የኔ ሚዛን ነው» ብቻ አለ።

በዚያው ቀን ማታ ከተማው ምን አለ መሰላችሁ? ስለ ጆንያው አላወራም። «ከኃላፊው ጋር በእድገት ተጣልቶ ነው» አለ። «ቂም ነው» አለ። በሦስተኛው ቀን ሊያስሩት ፈለጉት። በጨለማ የኔን በር አንኳኳ። ድምፁን አወቅሁት። ከፍቼ እንኳ አላየሁትም። ከውስጥ ሆኜ «ዛሬ እንግዳ አለብን» አልኩት። እንግዳ አልነበረብንም።

ሌሎችም በሮች አንኳኳ። ማንም አልከፈተም። በመጨረሻ የከፈተለት ማን ነው? በቀይ ሽብር ጊዜ ስሙ የከፋ፣ ከተማው ሁሉ የሚፈራው የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ። ያ ሰው ከመጋዘኑ ኃላፊ ጋር የቆየ ጠብ ነበረው። ለሚዛን ሠራተኛው አዝኖ አይደለም፤ ጠላቱን ለማብሸቅ ነው ያስጠለለው።

በማግስቱ ከተማው ተነፈሰ። «አያችሁ! የማን ሰው እንደሆነ ታወቀ!» ተባለ። እኔም አልኩ። ጮክ ብዬ አልኩ። ስናገረው የተሰማኝን ዛሬም አልረሳውም፤ እፎይታ ነበር። እሱ መጥፎ ሰው ከሆነ እኔ በሬን በመዝጋቴ ጥፋተኛ አይደለሁማ! ባለፈው ወር ስትስቁ የሰማሁት ያንን እፎይታ ነው። በናንተ ልፈርድ አይደለም፤ ስለማውቀው ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ኦዲተሮች መጡ። መዘኑ። 43 መጣ፤ 44 መጣ።

ያን ሰው በ1985 ኮምቦልቻ አውቶብስ ተራ አገኘሁት። ሻይ ቤት ገባን። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ «ተወው» አለኝ። ከዚያ ለዓመታት ያንገበገበኝን ጠየቅሁት። «እውነት ከኃላፊው ጋር ተጣልተህ ነበር?» አልኩት።

«አዎ» አለ። «እድገቴን ከልክሎኛል፤ ቂም ነበረኝ። ግን ጆንያውን ያጎደለው የኔ ቂም አይደለም።»

ወጣቶች፣ ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። ያኔ ከተማው ያለው እውነት ነበር! ቂም ነበረው። እኛ እሷን እውነት ይዘን ሰባት ኪሎዋን ጣልናት። የእናቶቹን ሰባት ኪሎ።

ሌላም ጥያቄ ነበረኝ። እዚህም እናንተን የሚከነክናችሁ ይኼ ነው፤ የስኖውደን ዝምታ። እውነት ነው፣ መጀመሪያ አካባቢ ስለ ሩሲያም ተናግሯል። በ2016 ሩሲያ ያወጣችውን የስለላ ሕግ በግልጽ ነቅፏል። በ2014 ግን በቴሌቪዥን ፑቲንን ስለ ስለላ ሲጠይቅ ታየ፤ ፑቲንም እኛ እንደዚያ አናደርግም አሉ፤ ብዙ ሰው ለእሳቸው ማስታወቂያ ሠራላቸው ብሎ አዘነበት። ዩክሬን ከመወረሯ በፊት ወረራው ይመጣል የሚለውን ዜና አጣጣለ፤ ተሳሳተ። ከወረራው በኋላ ስለ ጦርነቱ ዝምታው ይበዛል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል ሰው። እኔ ግን እንደዚያ ለማለት አፌ አይደፍርም። በቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን ዝም ያልን ትውልድ ነን። ያንን ዝምታ እናውቀዋለን፤ ምን እንደሚያስከፍልም እናውቃለን። ትክክል ነው አልልም። ግን የ2022 ዝምታ በ2013 የተነገረውን ወደ ኋላ ተመልሶ አይሰርዘውም።

የሚዛን ሠራተኛውን እንዲህ ብዬ ጠየቅሁት። «በዚያ ሰው ቤት ስትኖር ምን አየህ?»

ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ያ ጊዜ የአፈሳ ጊዜ ነበር። ለውትድርና የሚታፈሱ ልጆች በዚያ ግቢ ውስጥ ይታጎሩ ነበር አለኝ። ሌሊት እናታቸውን ሲጠሩ ይሰማ ነበር። አንዱ ልጅ 15 ዓመት አይሞላውም፤ በአጥሩ ቀዳዳ ውኃ ጠይቆታል።

«ሰጠኸው?» አልኩት።

«ውኃውን ሰጠሁት» አለ። «ሌላ ምንም አላደረግሁም።»

ከደረት ኪሱ ያችን ደብተር አወጣ። ስምንት ዓመት ይዟት ኖሯል። ጠርዟ ተበልቷል። ገለጠልኝ። ቀን፣ ቁጥር፣ ቀን፣ ቁጥር፤ በጥቃቅን ፊደል የተሞላ ነው። 43። 44። 43 ተኩል። በዚያ ቤት የገባበት ቀን ላይ ስንደርስ ጣቱን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ሁሉ ባዶ ናቸው።

«እነዚህን አልጻፍኳቸውም» አለኝ።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። አመሰግናለሁ።